መውጫው የማን ነው?

ባቡር ጣቢያው ትኬት መስኮት ላይ ሰው ቤት ስለመግዛት ያማክረኛል። «ለድሬዳዋ አንድ ሁለተኛ ማዕረግ» ይልና ገንዘቡን እያቀበለኝ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እትዬ አሰለፈች፣ አንድ ቤት አይቼ ነበር» ይለኛል። ከኋላው ያለው ሰልፈኛ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። ባቡሩ እንደሆነ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም።

ምክሬን ሳልሰስት እሰጣለሁ። ቤት በበጋ አይታይም፤ የሚታየው ዝናብ እንዳባራ ነው። ሻጩ ሳሎን ቁጭ በሉ ሲላችሁ አመስግናችሁ ተነሱና ሽንት ቤቱን እዩ። ጎረቤት ጠይቁ፤ ከሻጩ ጋር የተኳረፈውን ብቻ ሳይሆን የሚዋደደውንም ጠይቁ። ይኼን ሁሉ የምለው ግን አንድ ጥያቄ ካስቀደምኩ በኋላ ነው። «መውጫው የማን ነው?» እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ቤት ከነመውጫው አይደለም እንዴ የሚሸጠው ይለኛል። እኔም ድሮ የሚመስለኝ እንደዚያ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከባሌ ጋር ተፋታን። ጥፋቱ የማን እንደነበር ልተወው፤ የሱ ነበር። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት የኪራይ ደብተር በሱ ስም ስለሆነ ፍርድ ሸንጎው ቤቱን ለሱ፣ የሦስት ወር ጊዜ ደግሞ ለእኔ ሰጠ። በሦስት ወር ውስጥ ዕቃዬን ይዤ መውጣት አለብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ግድግዳ በእጄ ስለስን፣ ያን ወለል ስወለውል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሸንጎው ግን የሚያየው ደብተር ነው።

ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲሰጠኝ አመለከትኩ። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ሳያነበው «ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ፣ ለአንድ ሰው ምን ቤት ያስፈልጋል? ዘመድ ጋ ተጠጊ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ዘመዶቼ ያሉት መንዝ ነው፣ እንጀራዬ ያለው ናዝሬት። በዚያው ቀን ልቤ ቆረጠ። ማንም ከመሬት ተነስቶ «ውጪ» የማይለኝ፣ በስሜ የተመዘገበ ቤት እገዛለሁ አልኩ። ከዓመታት ቁጠባዬ ላይ ወርቄን ሸጬ ብጨምርበት ለአንዲት ትንሽ ቤት ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ።

መሥሪያ ቤት ስናገር ሳቁብኝ። አንዱ ባልደረባዬ «ሴት ብቻዋን ቤት ገዝታ ማን ሊጠብቃት ነው?» አለ። እስካሁን የጠበቀኝን እኮ አይቼዋለሁ አልኩት።

ያን ጊዜ የሚሸጥ ቤት ማግኘት ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። ሕጉ አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው የሚለው፤ ትርፉን መንግሥት በ1967 ወርሶታል። ስለዚህ ቤት የሚሸጥ ሰው የተረፈችውን አንዷን የሚሸጥ ሰው ነው። ደላላ እንደ ሌባ ስለሚታይ የሚሸጥ ቤት ወሬው የሚገኘው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ፣ ሟቹን አላውቀውም፣ አልቅሼ እነሳና አጠገቤ ያለችውን ሴት በሹክሹክታ እጠይቃለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍራል፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር።

ቤት ሳይ ጉደታን ይዤ እሄዳለሁ። ጉደታ ግንበኛ ነው፤ የጣቢያው ግድግዳ በተሰነጠቀ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። ወሬ አያበዛም። ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ አዴ አሰለፈች» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ይለኛል፣ ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍተው ጉድለት ሲያገኝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ከዳገቱ ሥር ነበር። አዲስ ኖራ ተቀብቶ ነጭ ብሏል፤ ገና ከሩቅ ሳየው ወደድኩት። ጉደታ ግን ቤቱን ትቶ ጎረቤቶቹን ያያል። «ላሊ» አለኝ፣ ተመልከቺ ሲለኝ ነው። ተመለከትኩ። የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ እስከ ጉልበት ድረስ የጭቃ መስመር አለበት። መስመር የሌለበት ይኼ ኖራ የተቀባው ብቻ ነው። ሻጩን «ክረምት ላይ ጎርፍ ይገባል?» ስለው «ኧረ እዚህ ሰፈር ጎርፍ የሚባል አናውቅም» አለኝ። መኝታ ቤቱ ውስጥ የአልጋው አራት እግር በድንጋይ ላይ ቆሟል።

ሁለተኛው ቤት ውስጥ ጉደታ ምሰሶውን በጣቱ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ። «ይኼን ቤት ምስጥ ቀድሞሽ ገዝቶታል» አለኝ። ሦስተኛው ግቢ የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ባለቤቲቱ የቧንቧ ሰልፍ ቀረልሽ እያለች ስታጓጓኝ ልጆቿ እኛን ሊያዩ መጥተው ሳቁ፤ የሁሉም ጥርስ ቡናማ ነው። የዚህ አገር አንዳንድ ጉድጓድ ጥርስ እንደሚያበላሽ ማን የማያውቅ አለ? ሴትዮዋም ታውቃለች፤ የምታወራኝ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

እንዲህ ሲባል ከሦስቱ ወር ሁለቱ አለቀ። ባሌ አዲስ ሚስት ሊያስገባ እንደሆነ ሰማሁ። እስክወጣ መጠበቅ አቅቶት መጋረጃዬን አወረደው። ዕቃዬ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቆልሎ፣ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ፣ መንዝ መመለሴ ነው እያልኩ እብሰለሰል ጀመር።

አቶ ወልደአማኑኤል መስኮቴ ላይ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከረባት አስረዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። «አንድ ቁም ሣጥንና አንድ የብረት አልጋ በፉርጎ እስከ ድሬዳዋ ስንት ያስከፍላል?» አሉኝ። አልጋውን ጭኖ የሚሄድ ሰው እንደማይመለስ ሥራዬ አስተምሮኛል።

«ጋሼ፣ ቤቱንስ ለማን ሊተዉት ነው?» አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ምን አገባሽ?»

«ቤት ፈላጊ ነኝ።»

መስኮቱን ዘግቼ ተከተልኳቸው። የዚያን ቀን ሰልፈኛ የሰደበኝን ስድብ አልረሳውም።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በንጉሡ ጊዜ ግቢው በሙሉ የሳቸው ነበር፤ የግቢው በር አጠገብ በተርታ አራት የኪራይ ክፍሎች፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ ቤት። ትልቁ ቤት በረንዳ አለው፣ የጣውላ ወለል አለው፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው። ጉደታን በማግሥቱ አመጣሁት። አንኳኳ፣ ወለሉ ላይ ዘለለ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ አቧራ ለብሶ ወረደ። «ምንም የለበትም» አለ። ከአፉ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው የጠሩት ዋጋ ደግሞ ለበረንዳው ብቻ እንኳን ያንሳል።

«ታዲያ ለምን ረከሰ?» አልኩት ጉደታን።

«እሱን ግድግዳ አይናገርም። ሰው ጠይቂ» አለኝ።

ከአራቱ ክፍሎች በአንዱ የምትኖረው ዙለይካ ናት፤ የወሎ ሴት ናት፣ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ደጇ ላይ በርበሬ እየቀነጠሰች አገኘኋትና ስለ ቤቱ ጠየቅኳት።

«ቤቱ ወላሂ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ሰውየውም ጥሩ ናቸው። ግን እህቴ፣ በየት ልትገቢ ነው?»

«በበሩ ነዋ።»

«በሩ የማን ነው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማሁት። አዋጁ ሲወጣ ባለቤቶች ለመኖሪያ የሚያስቀሩትን አንድ ቤት በቅጽ እንዲሞሉ ታዘዙ። አቶ ወልደአማኑኤል ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ትልቁን ቤት» ብለው ጻፉ። ሌላ ምንም አልጻፉም። የግቢውን በር፣ መተላለፊያውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ከቤቱ ፊት ያለውን አንድ ክንድ መሬት አልጠቀሱም። ያልጠቀሱት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ቤታቸው የሚገቡት በሰው በር ነው፤ ተከራዮቹ አክብረዋቸው፣ ቀበሌውም ሽማግሌ ናቸው ብሎ ዝም ስላላቸው። እሳቸው ከሄዱ ግን በሩ ለአዲስ ገዢ እንደማይከፈት ሊቀመንበሩ ተናግሯል። ቤቱን ለቀበሌው መዝናኛ ክበብ ይፈልገዋል፤ ቢራ የሚሸጥበት በረንዳ አምሮታል። ቀበሌው መግዣ ገንዘብ የለውም፤ ግን ገዢ ከጠፋ ሽማግሌው ሲደክማቸው ትተውለት ይሄዳሉ። ከእኔ በፊት ሦስት ሰው መጥቶ ይኼን ሲሰማ ተመልሷል።

በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ተናድጃለሁ። «ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«ማን ነው ቤት ሲገዛ በሩ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ?»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ቅጹን ስሞላ ንዴት አሳውሮኝ ነበር» አሉ። «አራት ክፍል ከወሰዱብኝ በኋላ ቁጭ ብዬ በርም ተዉልኝ፣ መንገድም ተዉልኝ እያልኩ ልለምናቸው? ትልቁን ቤት ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን ወረወርኩላቸው።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። በዚች ከተማ ስንት ኩሩ ሰው እንዲህ ባለች አንዲት መስመር ራሱን ቤቱ ውስጥ ቆልፏል? ያም ሆኖ አልተውኩትም። የቀረኝ ሃያ ምናምን ቀን ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቤት በዚህ ገንዘብ አላገኝም። በሩን ቀበሌ ቢሮ ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለየሱስ ይባላል። ከስሙ መጨረሻ ጋር ስለማይስማማ «ጓድ ኃይለ» ብሎ ነው የሚፈርመው። ለሽያጭ የሚያስፈልገውን ማስረጃ እንዲጽፍልን ሽማግሌው ማመልከቻ ሰጥተውኝ ገባሁ። በዙሪያው አራት አምስት ሰው ተቀምጧል።

«ግዢው፤ ማን ከለከለሽ?» አለኝ። «መንግሥት የግለሰብን አንድ ቤት ያከብራል። ቤቱ የሳቸው ነው፣ ይሸጡልሽ።»

«በሩንስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«በሩ የሰፊው ሕዝብ ነው። አንቺ በጣሪያ በኩል ትገቢያለሽ።»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ልወጣ ስል «ቆይ፣ ማስረጃሽን ውሰጂ እንጂ» አለና ጸሐፊውን አጠገቡ አስቀምጦ እያንዳንዷን ቃል እሱ ያጽፈው ጀመር። የቤቱ አዋሳኞች ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ተስፋዬን እንድቆርጥ ነው። «በምሥራቅ፣ የመንግሥት ግቢ። በሰሜን፣ የመንግሥት ሽንት ቤት። በደቡብ፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት።» እያንዳንዷ ላይ ቆም ብሎ ያየኛል። አራተኛዋን ግን ቶሎ ብሎ አለፋት፤ «በምዕራብ፣ መንገድ።» ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ።

ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ እጅ ነሣሁና ወጣሁ። ከኋላዬ እየሳቁ ነው። እኔ ዓይኔ አራተኛዋ መስመር ላይ ቀርቷል።

የትኛው መንገድ? ሰፈሩን በእግሬ ዞርኩ። ከግቢው በስተኋላ የጋሪ መንገድ አለ፤ ከሰል ሻጮች ይቀመጡበታል፣ የጋሪ ፈረሶች ይቆሙበታል፣ መሬቱ ፋንድያ ነው። የትልቁ ቤት የኋላ ግድግዳ ያረፈው እዚያ መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። መስኮት የለውም፣ ቀዳዳ የለውም፣ ድፍን ልስን ነው። አቶ ወልደአማኑኤል ሲሠሩት ለጋሪው መንገድ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሠሩት፤ ስለዚህ እሳቸውም ጎረቤቱም ያ ግድግዳ መንገድ ላይ መሆኑን ረስተውታል።

ጉደታን ጠራሁት። ልስኑን በመዶሻው ሁለት ሦስት ቦታ አንኳኳ። «የጭቃ ግድግዳ ነው፣ እንጨቱ ደህና ነው» አለ። «ሁለት ወጋግራ ትቆርጫለሽ፣ ማገሩን ታነሺያለሽ፣ ጉበንና መቃን ታቆሚያለሽ። ግማሽ ቀን።» ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ለሽማግሌው ሳልነግር መግዛት እችል ነበር። አልፈለግሁም። ሲሸጡ የደበቁኝን ሁሉ ስራገም ከርሜ ስገዛ ልደብቅ? ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሱ።

«ሠላሳ ዓመት ፊቱን ወደ አስፋልት ያዞርኩትን ቤት ለፈረስ ፋንድያ ልታዞሪው?» አሉ። «አልሸጥም።»

«ጋሼ፣ አስፋልቱን ወስደውታል። ፋንድያውን የወሰደው የለም።»

ወደ በረንዳው ዞሩ።

«ይኼንን በረንዳ ሰክሮ የሚያስመልስበት ሰው ይሞላው ወይስ ቤቱ ይዙር?» አልኳቸው። ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የቀረኝ ቀን ጥቂት ነው፤ ደግሞ እውነት ነው። ከዚያ ከረባታቸውን አስተካከሉና «እማኝ ጥሪ» አሉኝ።

ሦስት እማኝ ፈረመ፤ ጉደታ፣ ዙለይካና አንድ የጣቢያው ባልደረባዬ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ስም አዛወርን። መዝገቡ ላይ ስሜን ሳየው፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ እንባዬ መጣ። ጸሐፊው ምን ሆንሽ ቢለኝ አቧራ ነው አልኩት።

አቶ ወልደአማኑኤል ሐሙስ ቀን ሄዱ፤ ትኬታቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ላይ አዲስ ቁልፍ ዋለ። ለአራቱ ተከራዮች አንድ አንድ ቁልፍ ተሰጠ፤ ለዚያች ሴት የከፈተ ቤቱን ይለቃል ተባሉ። ዙለይካ ጣቢያው ድረስ መጥታ ነገረችኝና «አብሽሪ፣ እኛም አለን» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ በኋላ መንገድ መጣሁ። ጉደታ መጥረቢያና መጋዝ ይዞ ጀምሮታል። ልስኑ ረግፎ ማገሩ መታየት እንደጀመረ ጓድ ኃይለየሱስ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ደረሰ።

«አቁም» አለ።

ጉደታ መጥረቢያውን አየር ላይ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «አዴ አሰለፈች፣ ላቁም?»

ጠመንጃ ፊት እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነው፤ የአክስቴ ልጅ አንዱ ነው። ግን ወዴት ልመለስ? የባሌ ቤት ሌላ መጋረጃ ተሰቅሎበታል።

«ቁረጥ» አልኩት።

ቆረጠ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ መጣ። ወረቀቱን ከደረቴ አወጣሁና እሱ እንዳነበበው አድርጌ፣ ቆም እያልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። በምሥራቅ የመንግሥት፣ በሰሜን የመንግሥት፣ በደቡብ የመንግሥት። ከሰል ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሳቸውን አቆሙ። «በምዕራብ፣ መንገድ» አልኩና ፊርማውን በጣቴ አሳየሁት።

«መንገዱም የመንግሥት ነው» አለ።

«ነው። ሕዝብ ይሄድበታል። እኔ ምንድን ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ያለ ፈቃድ ግድግዳ ታፈርሻለሽ?»

«ግድግዳው የማን እንደሆነ እርስዎ ጽፈው ሰጥተውኛል። በጣሪያ በኩል ግቢ ብለውኝ ነበር፤ ሞከርኩት፣ ጣሪያው ከፍ አለብኝ።»

አንዲት ከሰል ሻጭ ሳቀች። ቀጥሎ ጋሪ ነጂዎቹ። ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጓድ ኃይለየሱስ ሰው ሲፈራው እንጂ ሲስቅበት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «እንተያያለን» ብሎ ሄደ። ጉደታ የመጨረሻውን ማገር አነሳ፤ ከግድግዳው ፍርስራሽ ላይ ተራምጄ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር አልልም። የመቃኑ ጭቃ እስኪደርቅ፣ ሳንቃው እስኪሠራ ዘጠኝ ቀን በብርድ ልብስ መጋረጃ አደርኩ። ሦስት ጊዜ ቢሮ ተጠርቼ ሦስት ጊዜ ያንኑ ወረቀት አነበብኩ። ሊቀመንበሩ የግቢውን ሽንት ቤት ከለከለኝ። ዙለይካ ይኼን ስትሰማ በረንዳው ድረስ መጥታ «የምናጥበው እኛ ነን፣ የምንፈቅደውም እኛ ነን» ብላ የሽንት ቤቱን ቁልፍ በመስኮት ሰጠችኝ። እጆቿን ይዤ ሳምኳቸው።

በሚያዝያ አንድ ሰው የቀለም ቆርቆሮ ይዞ በጋሪው መንገድ መጣ። በየበሩ ቁጥር ይጽፋል። የእኔን በር ሲያይ መዝገቡን ገለጠ፣ የለሁበትም። ለካ ያ መንገድ የሁለት ቀበሌ ድንበር ነው፤ በሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሁሉ የሚመዘገበው በማዶው ቀበሌ ነው። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በሬ ላይ ቁጥር ጻፈ፣ በማግሥቱ የማዶው ቀበሌ የስኳር ካርድ ሰጡኝ። ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ግድግዳ አፈረስኩ ብዬ ሳስብ ለካ ከጓድ ኃይለየሱስ ግዛት ወጥቻለሁ።

እሱ የሰማው የበላይ አካል ቤት ሲቆጥር ነው። ከመዝገቡ አንድ ቤት ጎደለ፤ ያውም በረንዳ ያለው። የት ሄደ ቢባል ማስረጃውን የጻፈው ራሱ ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ። ብቻውን ነበር። ጠመንጃ የለም፣ ተከታይ የለም፤ ጫማውን ከፋንድያው እየጠበቀ ቆሟል። እጁ ላይ ቁልፍ አለ።

«እህት አሰለፈች» አለኝ። እህት ብሎኝ አያውቅም። «ነገር ከርሯል፣ እናርግበው። ይኼን በር ድፈኚው፣ ግንበኛውን እኔ እልክልሻለሁ። የግቢው በር ቁልፍ ይኸው። እንደ ሰው በአስፋልቱ በኩል ግቢ። ቤቱም ወደ ቀበሌያችን ይመለስ።»

እውነቱን ልናገር፤ ፈለግሁት። ክረምት ሊገባ ነው፣ የጋሪው መንገድ ሊቦካ ነው። በዚያ በረንዳ በኩል አንድ ቀን ቀና ብዬ ብገባ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ። እጄ ወደ ቁልፉ ሊሄድ ጥቂት ነው የቀረው።

«ቁልፉ በማን ስም ይመዘገባል?» አልኩት።

«በቀበሌው ነዋ» አለ ፈገግ ብሎ። «ግን ምን ቸገረሽ? ተከባብረን እስከኖርን ድረስ የሚወስድብሽ የለም።»

ባሌ ያንኑ ነበር የሚለኝ፤ ተከባብረን እስከኖርን ድረስ። እጄን መለስኩ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምለው።

«ያንን በር አንተ ስትፈልግ ትከፍተዋለህ፣ አንተ ስትፈልግ ትዘጋዋለህ» አልኩት። «ይኼንን ግን የምዘጋው እኔ ነኝ።»

ዘጋሁት።